በሕልም የተበላ ምግብ ጎረቤት ያስከስሳልን?



በባሌ ደጋ፣ በሮቤና በጎባ ከተሞችም ሆነ በዙሪያቸው ባሉት የገብስና የስንዴ ቀበሌዎች፣ ጠዋት ቡና ሲፈላ ከሚነሡት ወሬዎች አንዱ ሕልም ነው። በአካባቢው ቋንቋ በአፋን ኦሮሞ «አብጁ» ይባላል። አንዱ ከገደል ስወድቅ አየሁ ይላል፣ ሌላው ከብት ጠፍቶብኝ ስፈልግ አደርኩ ይላል፣ ሦስተኛው የሞቱ አባቴን አየሁ ይላል፤ ይህ ሁሉ «ኸይር ይሁን» እየተባለ ይታለፍና ቡናው ይቀጥላል። «ሌሊቱን ስበላ አደርኩ» ያለ ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። «ምን በላህ? ማን አበላህ?» ተብሎ ይጠየቃል። የበላው የሚያውቀውን ነገር፣ ወተት ወይም ጩኮ ከሆነ ነገሩ ይረግባል። ስሙን የማያውቀው፣ መልኩን ያልለመደው፣ ጣዕሙ እስከ ጠዋት አፉ ውስጥ የቆየ ባዕድ ምግብ ከሆነ ግን «አበሉህ» ይሉታል። ምን ማለታቸው እንደሆነ የማይገባው የለም። ሰው መድኃኒት አድርጎብሃል፣ በእውን ያልቻለህ በሕልምህ አጎረሰህ ማለታቸው ነው።

እኔ የምኖረው ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በሮቤ ነው። ይህን እምነት ግን በሮቤ ብቻ የሰማሁት አይደለም፤ ወሎ ሄጄ ሰምቼዋለሁ፣ መርካቶ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፣ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም አፍ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ የባሌን ሰው ነጥዬ ለመውቀስ አልተነሣሁም። እንዲህ ዓይነት ሕልም ያየ ሰው ዘወትር የሚጠይቀው «ፍቺው ምንድን ነው?» ብሎ ነው። ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ያለ ይመስለኛል፤ ይኸውም ፍቺው ምንም ይሁን ምን፣ በሕልሜ ተነሥቼ በሌላ ሰው ላይ ምን ላደርግ ይፈቀድልኛል? የሚለው ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሠራተኞች ማሰርና ማባረር መጀመሩ ይታወሳል። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። በእነዚያ ሳምንታት ሮቤ ውስጥ ልጅ ዐረብ አገር ያለችበት ቤት ሁሉ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ልጃቸው ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ጎረቤታችን የሆኑ እናት፣ ስልኳ ከጠፋ በስምንተኛው ቀን ሕልም አዩ። ትልቅ ትሪ ላይ ቢጫ ሩዝ ተቆልሏል፤ በሩዙ መሐል ጥቁር፣ ክብ፣ ምንነቱን የማያውቁት ነገር አለ፤ አንድ እጅ ያንን ጥቁር ነገር ከሩዙ ጋር ጠቅልሎ አጎረሳቸው። ኮምጣጣም መራራም ነበር። ሲነቁ አፋቸው መሮ ነበር።

ወደ ሕልም ፈቺ ሄዱ። ፈቺው ብዙም አላመነታም። ቢጫው በሽታ ነው፣ ጥቁሩ መድኃኒት ነው፣ ያጎረሰችዎት ሴት የቅርብ ዘመድ ናት፣ የተደረገውም በልጅዎ ላይ ነው አላቸው። ጠዋት ለባለቤቴ ሲነግሯት እጁ እጅ ብቻ ነበር፤ ከፈቺው ዘንድ ሲመለሱ እጁ አምባር አውጥቷል። አምባሩም የወንድማቸው ሚስት አምባር ሆነ። እኒህ እናት ውሸት የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ሕልም ሲነገር ያድጋል፣ ፈቺ ሲነካው ደግሞ ይበልጥ ያድጋል፤ ያየነውንና የተነገረንን ለይተን የምንይዝበት ኃይል ከእንቅልፍ ስንነሣ ደካማ ነው።

በዚያው ሳምንት የወንድማቸው ሚስት የልጅቱን መጥፋት ሰምታ ልታጽናናቸው ጩኮ ይዛ መጣች። ለማያውቀው አንባቢ፣ ጩኮ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በቅቤ የሚለወስ፣ በእኛ ዘንድ ለሚከበር እንግዳ የሚቀርብ፣ ለመንገደኛም ስንቅ የሚሆን ምግብ ነው። እናትየዋ ጩኮውን ተቀበሉና ሴትየዋና ልጆቿ እያዩ ለውሻ ሰጡት።

እኔና ሌሎች ሁለት ጎረቤቶች ነገሩን ለማብረድ ሞከርን። «እናቴ፣ በሕልሙ ያየ ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ ይመሰክራል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አንተ ልጅህ ዐረብ አገር የለችም» አሉኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ፍርሃት የያዘው ሰው የሚያስፈራውን ነገር ስም ሊሰጠው ይፈልጋል፤ ሪያድ ያለውን ፖሊስ ስም መስጠት ለማይችል ሰው የወንድም ሚስት ቅርብ ናት።

ልጅቱ ጥር ላይ በሰላም ገባች፤ አልሐምዱሊላህ። ሕልሙ ሲነገራት ሳቀች። ቢጫው ሩዝ ሳዑዲዎች ከብሳ የሚሉት ምግብ ነው፤ ጥቁሩ ክብ ነገርም በውስጡ የሚጨምሩት የደረቀ ሎሚ ነው። ራሷ በስልክ «እማ፣ ሎሚውን አድርቀው ጠጠር አስመስለውታል፤ ሳላውቅ ነክሼው አፌ መረረ» ብላ አጫውታቸው እንደነበር አስታወሰች። በዚህ ያበቃል ብለን ነበር። አላበቃም። ሕልሙ ተፈታ፤ ጩኮው ግን ለውሻ ተሰጥቷል። የሁለቱ ቤት በር ሳይከፈት ሁለት ረመዷን አለፈ።

እስቲ አሁን ዲናችን ስለ ሕልም ያስተማረንን እንመልከት። ቡኻሪና ሙስሊም ከዘገቧቸው ሐዲሶች እንደምንረዳው ሕልም ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ከአላህ (ሱ.ወ) የሆነ ብሥራት ነው፤ መልካም ሕልም ከነብይነት አርባ ስድስት ክፍሎች አንዱ መሆኑም ተነግሮናል። ሁለተኛው ሸይጧን ሰውን ለማሳዘን የሚያመጣው ነው። ሦስተኛው ሰው ቀን ከራሱ ጋር ሲያወራው የዋለው ነው። መልካሙን ያየ ሰው አላህን ያመስግን፣ ለሚወደውም ሰው ይንገር ተብሏል። የሚጠላውን ያየ ሰው ደግሞ በግራው ሦስት ጊዜ እንትፍ ይበል፣ ከሸይጧን በአላህ ይጠበቅ፣ የተኛበትን ጎን ይቀይር፣ ለማንም አይንገር፤ ይህን ካደረገ አይጎዳውም። ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ፣ አለመናገሩ፣ በእኛ ዘንድ ከሁሉ የተረሳው ነው። እኛ ክፉ ሕልም ያየን ቀን ነው ቡና አፍልተን ጎረቤት የምንጠራው። ከላይ በነገርኳችሁ ታሪክ ጉዳቱ ሌሊት በተበላው ሩዝ እንዳልመጣ፣ ጠዋት በተነገረው ወሬ እንደመጣ ልብ በሉ።

የእኒያ እናት ሕልም ከሦስቱ በየትኛው እንደሚመደብ የሚያውቀው አላህ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ብዙ ጊዜ ከምንገምተው በላይ ሰፊ መሆኑን ግን ዓለምም መስክሮለታል። ኦስትሪያዊው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ፣ ሌላው ፍልስፍናቸው ይቆየንና፣ በ1900 እ.ኤ.አ. በወጣው የሕልም መጽሐፋቸው ማታ ጨው የበዛበት ዓሣ ሲበሉ ሌሊት ውሃ ሲጠጡ እንደሚያዩ ጽፈዋል። ሆዷን ታማ ቀኑን ሙሉ ምግብ የተከለከለችው ትንሿ ልጃቸውም በእንቅልፍ ልቧ የእንጆሪና የሌላ ጣፋጭ ስም ስትጠራ ሰምተዋታል። በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ፈቃደኛ ወንዶች ለምርምር ሲባል ለወራት ምግብ ተቀንሶባቸው ነበር፤ ሐሳባቸውና ወሬያቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፣ የምግብ አሠራር መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ የሚያነብቡ ነበሩባቸው። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካናዳ ውስጥ ከ1 ሺህ በላይ ተማሪዎችን የጠየቁ ተመራማሪዎች፣ ወተት የማይስማማቸው ሰዎች ቅዠት እንደሚበዛባቸው ዘግበዋል። በረመዷን ሰሑር በልቶ ወዲያው የተኛ ሰው ይህን ለመረዳት ካናዳ ድረስ መሄድ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ከዚሁ ጋር አንድ ወጣት በመስጊድ በር ላይ የጠየቀኝን ላንሣ። በጾም ቀን ከዝሁር በኋላ ተኝቶ የማያውቀውን ሥጋ ሲበላ አየ፤ ሥጋው ሐራም መሰለው። ጾሜ ፈርሷል ወይ? ኃጢአትስ አለብኝ ወይ? ብሎ ተጨነቀ። የዑለማው መልስ የማያሻማ ነው። የተኛ ሰው እስኪነቃ ድረስ ብዕር ከተነሣላቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ነው፤ በሕልሙ የበላ አልበላም፣ የጠጣም አልጠጣም። ወጣቱ እፎይ ብሎ ሄደ። እኔ ግን መንገድ ላይ ሌላ ነገር መጣብኝ። በሕልሙ ራሱ በእጁ አንሥቶ የበላው ሰው ከተጠያቂነት ነፃ ከሆነ፣ በሌላ ሰው ሕልም ውስጥ አጎራሽ ሆና የታየችው፣ ሕልሙ ሲታይ ቤቷ ተኝታ የነበረችው ሴት በምን ሒሳብ ነው የምትጠየቀው?

ወደ ምግቡ ልመለስ። በሕልም የታየ ምግብ በሐዲስ ውስጥ እንዴት እንደተፈታ የተመለከተ ሰው የእኛን ፍርሃት እዚያ አያገኘውም። ረሡል (ሰ.ዐ.ወ) በሕልማቸው ወተት ተሰጥቷቸው እርካታው ከጥፍራቸው እስኪወጣ ጠጡ፤ የተረፈውን ለዑመር (ረ.ዐ) ሰጡ። ፍቺው ዕውቀት ነው አሉ። በሌላ ሌሊት በዑቅባ ኢብኑ ራፊዕ ቤት ሆነው ኢብኑ ጧብ የሚባለው እሸት ተምር ሲቀርብላቸው አዩ። ይህን ከስሞቹ ፈቱት፤ ከራፊዕ በዱንያ ከፍታን፣ ከዑቅባ በአኺራ መልካም ፍጻሜን፣ ከጧብ የዲናችንን ማማር አወጡ። በሌላ ሰው ቤት የበሉት ምግብ የቤቱን ባለቤት አላስጠረጠረም፤ ስሙ ራሱ የብሥራት ምንጭ ሆነ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የአቡበክር (ረ.ዐ) ነገር ነው። አንድ ሰው መጥቶ ከደመና ቅቤና ማር ሲንጠባጠብ፣ ሰዎችም በእጃቸው እየተቀበሉ አንዱ ብዙ አንዱ ጥቂት ሲወስድ ማየቱን ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተናገረ። አቡበክር ልፍታው ብለው ፈቃድ ጠየቁ። ደመናው እስልምና ነው፣ ማሩና ቅቤው የቁርኣን ጣዕም ነው እያሉ እስከ መጨረሻው ፈቱት። ከዚያም አገኘሁን ሳትኩ? ብለው ጠየቁ። ነብዩም ከፊሉን እንዳገኙ፣ ከፊሉን እንደሳቱ ነገሯቸው። የቱን እንደሳቱ እንዲነግሯቸው ቢምሉባቸውም አልነገሯቸውም። እንግዲህ አስቡት፤ ሲዲቅ የተባሉት አቡበክር፣ ነብዩ አጠገባቸው ተቀምጠው፣ የምግብ ሕልም ሲፈቱ ከፊሉን ሳቱ። የዛሬው ፈቺ ግን ቢጫው ይህ ነው ጥቁሩ ያ ነው ብሎ ሲናገር አንድም ጊዜ «ምናልባት» አይልም።

ምግብ በሕልም ሁልጊዜ መልካም ነው እያልኩ አይደለም። በሱረቱ ዩሱፍ ከሁለቱ እስረኞች አንዱ በራሱ ላይ ዳቦ ተሸክሞ ወፎች ሲበሉለት አየ፤ ፍቺውም ስቅላት ነበር። የግብፁ ንጉሥም ሰባት ከሲታ ላሞች ሰባት የሰቡትን ሲበሉ አይቶ ድርቅ መጣ። ክፉም ደግም አለበት። ይሁን እንጂ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ዳቦውን ሲፈቱ «ይህን ያደረገብህ እገሌ ነው» አላሉም። ከፍቺው በፊትም ሁለቱን ሰዎች ወደ ተውሒድ ጠሯቸው። ለንጉሡም የሰጡት ምክር እህል አከማቹ የሚል ነበር።

እስቲ ደግሞ «ባዕድ» ስለሚለው ቃል እናስብ። ከጥርጣሬው ግማሹ የተሰቀለው በዚህ ቃል ላይ ነው። ምግቡ የማናውቀው ስለሆነ ጎጂ ነው ይባላል። በመይሙና (ረ.ዐ) ቤት ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተጠበሰ ደብ፣ ማለትም የበረሃ እንሽላሊት፣ ቀርቦ ነበር። ምን እንደሆነ ሲነገራቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ሐራም ነው ወይ? ብለው ቢጠይቁ አይደለም፣ በወገኖቼ አገር ስለሌለ ነፍሴ አልወደደችውም የሚል መልስ አገኙ። ኻሊድም ወደ ራሳቸው ስበው በሉት፤ ነብዩም እያዩ ዝም አሉ። አለመልመድና ክፉነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ያላስለመደን ነገር ሲቀርብልን በእውን እንኳ ማለት የሚገባን «አልለመድኩትም» ብቻ ነው።

የባሌ ደጋ ሰው በተለይ ይህን ሊረሳው አይገባም። የቀድሞው ምግባችን ገብስና ወተት ነበር። ዛሬ ሮቤ ዙሪያ ዓይን እስኪደክም የሚታየው ስንዴ በዚህ ስፋት የተዘረጋው በኋላ ነው፤ በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻዎች በትራክተርና በኮምባይነር ሲያስፋፉት ያየ ሰው ዛሬም በሕይወት አለ። ፓስታና ሩዝ ለአያቶቻችን ባዕድ ነበሩ። በዲንሾ በኩል የሚወርዱት ወንዞች ውስጥ ያለው ትራውት የሚባለው ዓሣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው፤ ከዚያ በፊት በባሌ ወንዝ አልነበረም። ከአያቶቻችን አንዱ ያን ዓሣ በሕልሙ ቢበላ ኖሮ ምን ይባል ነበር? «አበሉህ» ይባል ነበር። የልጅ ልጁ ግን ዛሬ ዲንሾ ላይ ጠብሶ ይበላዋል፤ የውሃ እንስሳ ሐላል ነው።

የሕልም መጽሐፍ የሚገዙ ወገኖች ላይም ቅሬታ አለኝ። በአዲስ አበባ በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ካሉት መጻሕፍት ቤቶች እየተገዛ ወደ እኛም የሚመጣ፣ በኢብኑ ሲሪን ስም የሚጠራ የሕልም ፍቺ መጽሐፍ አለ። ሙሐመድ ኢብኑ ሲሪን በ110 ዓመተ ሒጅራ በበስራ ያለፉ ታላቅ ታቢዒይ ናቸው፤ መጽሐፉ ግን ከእርሳቸው በኋላ በሌሎች የተሰበሰበ መሆኑን ያጠኑት ሰዎች አሳይተዋል። በውስጡ ያለው ምግብም የዐረብና የሻም ምግብ ነው። ተምር አለ፣ በለስ አለ፣ ሰሪድ አለ፤ ጩኮ፣ ቆጮና እንጀራ የሉም። በበስራ የተለመደውን የእኛ ሰው በባዕድነት ያየዋል፣ የእኛን ደግሞ የበስራ ሰው። እንዲያውም ስለ ኢብኑ ሲሪን ከሚተረከው ውስጥ፣ ሁለት ሰዎች አዛን ሲያደርጉ ማየታቸውን ነግረዋቸው ለአንዱ ሐጅ ታደርጋለህ፣ ለሌላው ደግሞ ስርቆት አለብህ አሏቸው የሚለው ይገኝበታል። ሕልሙ አንድ፣ ፍቺው እንደ ሰውየው ሁለት ነው። ይህ ከሆነ ማውጫ እየገለጡ «ሩዝ፦ በሽታ» ብሎ ማንበብ ምን ይረባል?

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ስናገር ይቃወሙኛል። ኢብራሂም (ዐ.ሰ) በሕልማቸው ታዘው ልጃቸውን ሊያርዱ ተነሥተው የለም ወይ? በየዓመቱ በዒደል አድሓ የምንበላው ሥጋ የዚያ ሕልም መታሰቢያ አይደለም ወይ? ይላሉ። ነው። የነብያት ሕልም ግን ወሕይ ነው። የአዛን ቃላት በሶሐባው በዐብደላህ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) ሕልም መጥተው ተቀባይነት ያገኙትም ነብዩ ስላጸደቋቸው ነው። ከእርሳቸው በኋላ ማን ያጸድቅልናል? ዑለማው ይህን በጥብቅ ይዘውታል። ኢማም ነወዊ እንደጻፉት፣ በሸዕባን ሠላሳኛ ሌሊት አንድ ሰው ነገ ረመዷን ነው ሲባል በሕልሙ ቢያይ ጾም በዚያ አይጸናም። አንድ ቀን ጾምን የማያጸና ሕልም የሰውን ክብር እንዴት ያፈርሳል?

ኢማም ሻጢቢ ያወሱት አንድ ታሪክ አለ። የዐባሲዩ ኸሊፋ አል-መህዲ፣ ከ775 እስከ 785 እ.ኤ.አ. የገዛው፣ ሸሪክ የተባሉትን ቃዲ ሊያስገድላቸው ሰይፍና ማነጠፊያ አስቀረበ። ወንጀላቸው ምን ነበር? ኸሊፋው በሕልሙ ቃዲው ፊታቸውን አዙረውበት ምንጣፉን ሲረግጡ አየ፤ ፈቺውም ላይ ላዩን ይታዘዝሃል፣ በውስጡ ግን ያምጽብሃል አለው። ሸሪክ አልተንበረከኩም። ሕልምህ የኢብራሂም ሕልም አይደለም፣ ፈቺህም ዩሱፍ አይደለም፣ በሐሰተኛ ሕልም የሙእሚኖችን አንገት ትቀላለህን? አሉት። አል-መህዲ አፈረ፣ ተዋቸውም። ሰይፍ የያዘ ኸሊፋ በዚህ ካፈረ፣ ጩኮ በእጃችን የያዝን እኛ ማፈር ያቅተናል?

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ግን ይህ አይደለም። አንድ ደረሳ «ሲሕር እኮ እውነት ነው፤ ነብዩም ተደርጎባቸው በሕልማቸው ተነግሯቸዋል» ብሎ መልሶልኛል። ትክክል ነው፣ ሊሸሽም አይገባም። የሲሕርን መኖር ቁርኣን ያወሳል፣ አልክድም። ቡኻሪና ሙስሊም ከዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ለቢድ የሚባል ሰው በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሲሕር አድርጎ ነበር፤ ሁለት ሰዎች መጥተው አንዱ በራስጌያቸው አንዱ በግርጌያቸው ተቀምጠው የአድራጊውን ስም፣ በምን እንዳደረገውና የተቀበረበትን ጉድጓድ ነገሯቸው። ከዚህ በላይ የተረጋገጠ መረጃ የለም። ነብዩ ምን አደረጉ? ወደ ጉድጓዱ ሄዱ፣ እንዲደፈን አደረጉ። ዓኢሻ ለምን ለሰዉ አላወጡትም? ብለው ሲጠይቁ፣ አላህ እኔን አድኖኛል፣ በሰዎች መካከል ክፉ ነገር መቀስቀስ ጠላሁ የሚል መልስ ሰጡ። ለቢድን አደባባይ አላወጡትም። አድራጊውን በወሕይ የሚያውቁት ነብይ በሰው መካከል ፍትና እንዳይነሣ ዝም ካሉ፣ አምባር በጠዋት በሌለበት በከሰዓት የበቀለበት ሕልም ይዞ ዘመድን መወንጀል በምን ይለካል?

ስለዚህ እኔ የያዝኩት መለኪያ ቀላል ነው። ሕልሙ ያለ ሕልሙም መልካም የሆነውን ሥራ ካሠራኝ እሠራዋለሁ፤ ሰደቃ እሰጣለሁ፣ ሪያድ እደውላለሁ፣ የተጣላሁትን እጠይቃለሁ። ትናንት ሐራም የነበረውን ዛሬ ካስፈቀደኝ ግን ከየትም ይምጣ አልቀበለውም፤ ያለ ማስረጃ መጠርጠርና ዝምድና መቁረጥ ትናንትም ሐራም ነበሩ። ወላሁ አዕለም።

የተወነጀለችው ሴት ሐቅስ? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ቸልተኞች ነን። ሕልም አይቶ የወቀሰ ሰው ሕልሙ ሐሰት መሆኑ ሲታወቅ «ኸይር ነው» ብሎ ያልፋል፤ የተወቀሰው ግን በሰፈሩ «የምታበላ» የሚል ስም ይዞ ይኖራል። ይህ ስም በሠርግ ቤት ወጥ እንዳትነካ፣ ለአራስ ገንፎ እንዳታገነፋ ያደርጋታል። በእኛ ሰፈር ነገሩ የተፈታው ሽማግሌ ስለገባ ብቻ አልነበረም። ሴትየዋ «ይቅርታ አልፈልግም፤ ሰው እያየ ከእጄ ይብሉ» አለች። ፍርዱ የእሷ ነበር፣ የተገባም ነበር። በሦስተኛው ዓመት የዒድ ቀን እናትየዋ ሄደው፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ ከእጇ ጎረሱ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በሕልሙ ባዕድ ነገር በልቶ ሲነቃ ሆዱን የሚያመው፣ የሚያቅለሸልሸው፣ የሚያስመልሰው ሰው አለ። ብዙ ጊዜ ሕልሙ በሽታውን አላመጣውም፤ የታመመው ሆድ ነው ሕልሙን ያመጣው። ጨጓራና የአንጀት ተስቦ ሌሊት አይተኙም። እንዲህ ያለው ሰው ሳምንት ሙሉ «ማን አበላኝ» እያለ ከፈቺ ወደ ፈቺ ሲዞር በሽታው ጊዜ ያገኛል። ቁርኣኑን ይቅራ፣ ዱዓውን ያድርግ፣ ይህን ማንም አይከለክለውም። ከዚያም ታክሲ ይሳፈር፤ ከሮቤ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አስፋልትም ነው።